ደብዳቤው በማን እጅ አለፈ? የመንግሥታት መልእክት በቴሌግራፍ ዘመን

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ መንግሥታት ባሕር ማዶ ካሉ አምባሳደሮቻቸውና ቆንስሎቻቸው ጋር በሽቦ መነጋገር ስለጀመሩበት ዘመን ነው። ከ1850ዎቹ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ያለውን ማለቴ ነው። ዓመቱንም ወሩንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳይምታታባችሁ።

ስለ ቴሌግራፍ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። እውነት ነው፣ ፍጥነቱ ዓለምን ለውጧል። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። መልእክቱን የሚጽፍ አለ፣ የሚያነብ አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ስማቸው የማይነሳ ብዙ እጆች አሉ። የሚቀበለው ጸሐፊ፣ መዝገብ ቤቱ፣ የሚያሳጥረው ሹም፣ ሽቦው የሚያልፍበት አገር፣ የኤምባሲው ተላላኪ። ጦርነት የተነሳውም፣ ሊነሳ የነበረው የቀረውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ እጆች ነው።

ከእኛው ልጀምር።

ኦክቶበር 1862 መጨረሻ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን እንዲያደርሰው ሰጡት። መልእክተኞቼን ልልክ ነው፣ ባሕሩን ቱርኮች ይዘውታል፣ በሰላም የሚደርሱበትን መንገድ አመቻቹልኝ የሚል ነበር ነገሩ። ደብዳቤው ፌብሩዋሪ 1863 ለንደን ገባ። ወደ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ለዚያ ዘመን ይህ መጥፎ አይደለም። በ1859 እና በ1860 በቀይ ባሕር ሥር ከስዊዝ እስከ ኤደን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ኬብል ተዘርግቶ ነበር፤ ብዙም ሳይሠራ ተበላሸ። የእንግሊዝ መንግሥት ዋስ ሆኖበት ስለነበር ለማይሠራ ሽቦ ለብዙ ዓመት ገንዘብ ሲከፍል ኖረ። ስለዚህ ለደቡብ ቀይ ባሕር ቅርቡ የቴሌግራፍ መሥመር ግብጽ ነበር። ከምጽዋ እስከዚያ ያለው መንገድ በመርከብ ነው።

መንገዱ አራት ወር ፈጀ እንበል። መልሱስ? ለንደን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን ተቀበለ፣ መዘገበ፣ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መራው። እዚያ ተኛ። ሰው አልተቆጣም፣ እምቢም አልተባለም። ማንም አልመለሰም፣ በቃ። ንጉሡ ግን ይጠብቃሉ። ካሜሮን መልስ ሳይዝ ተመለሰ። ጃንዋሪ 1864 ላይ ታሰረ። ያኔ ለንደን ከእንቅልፉ ባነነና ንግሥቲቱ ሜይ 1864 መልስ ፈረሙ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ከርሞ ከንጉሡ ፊት የቀረበው ጃንዋሪ 1866 ነው። ቁጠሩት፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ መቅደላ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ጥፋቱን በመንገዱ ርቀት ላይ መጫን ይቀላል። ባሕሩ ግን የበላው አራት ወሩን ብቻ ነው። ቀሪውን የበላው ጠረጴዛ ነው።

ከመቅደላ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ ነበር የወጣው። ከጦሩ ጋር አብረው ከተጓዙት ጋዜጠኞች አንዱ ሄንሪ ስታንሊ ነው፤ የኒውዮርክ ጋዜጣ ዘጋቢ። ሰውየው ሲሄድ ስዊዝ ላይ ከቴሌግራፍ ቤቱ ሠራተኛ ጋር በገንዘብ ተስማምቶ ነበር፤ የእኔ መልእክት ሲመጣ ቅድሚያ ስጠው ብሎ። ሲመለስም እንደተባለው ሆነ። የስታንሊ ወሬ ካለፈ በኋላ በእስክንድርያና በማልታ መካከል ኬብሉ ተበጠሰ። የጦር አዛዡ ሪፖርትና የሌሎቹ ጋዜጠኞች ወሬ እዚያው ቀረ። የእንግሊዝ መንግሥት ጦሩ ማሸነፉን ከጋዜጣ ሰማ። ሙሉ ዘመቻ ያሰማራ መንግሥት በአንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ እጅ ተቀደመ።

አሁን ደግሞ አንድ የዲፕሎማት ቴሌግራም እንዴት ይላክ እንደነበር ቀረብ ብለን እንየው። አምባሳደሩ ረቂቁን በእጁ ይጽፋል። ጸሐፊው በሩን ዘግቶ የኮድ መጽሐፉን ከካዝና ያወጣል። መጽሐፉ መዝገበ ቃላት ይመስላል። ለእያንዳንዱ ቃል ቁጥር አለው። እንደ «ከመንግሥቴ መመሪያ እየጠበቅሁ ነው» ላለ ሙሉ ሐረግ አንድ ቁጥር ብቻ የሰጠም አለ። ጸሐፊው እየፈለገ ቃሉን በቁጥር ይተካል። ቁጥሮቹ በአራት በአራት ወይም በአምስት በአምስት አሃዝ ይደረደራሉ። ሌላ ሰው ያመሳክራል፤ ምክንያቱም አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች ወዲያ ማዶ የሚወጣው ሌላ ቃል ነው። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ይሄዳል። ይህ ቤት ብዙ ጊዜ የመንግሥት አይደለም። የኩባንያ ነው። ያው የጥጥና የቡና ነጋዴው ወረፋ የሚይዝበት መስኮት። ሠራተኛው ቁጥሩን ይልካል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ኮፒውን እዚያው ያስቀምጣል። ይህችን ኮፒ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሒሳቡ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አትላንቲክን የሚያቋርጠው ኬብል በቋሚነት ሥራ የጀመረው ጁላይ 1866 ነው። መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛው ክፍያ ለ20 ቃል 20 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ሲዋርድ ፓሪስ ላለው አምባሳደሩ ቴሌግራም ላከ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ጦሩን ከሜክሲኮ ለማስወጣት የገባውን ቃል እያዘገየ ስለነበር ነገሩ አስቸኳይ ነው። ሲዋርድ ምንም ሳያሳጥር፣ በፖስታ እንደሚልክ ሰው ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ላይ የተጠቀሙበት የኮድ መጽሐፍ ለወረቀት ደብዳቤ የተዘጋጀ አሮጌ ነበር። ለዚህ አንድ መልእክት የመጣው ሒሳብ ከ19 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። የሚኒስትሩ የዓመት ደሞዝ 8 ሺህ ዶላር ነው። መንግሥት አልከፍልም አለ። ኩባንያው ከሰሰ፤ ከዓመታት በኋላም ረታ።

ከዚህ በኋላ ቴሌግራም እያጠረ ሄደ። አጭሩ በሽቦ ይቀድማል፤ ሙሉው ሐተታ በታሸገ ከረጢት ከሳምንታት በኋላ ይከተላል። የእንግሊዝን ከረጢት የሚያመላልሱት የንጉሡ መልእክተኞች የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። መታወቂያቸው ላይ የብር ውሻ ምስል ይንጠለጠላል። የሩጫ ውሻ። ሥራቸውን ገና ሳይናገሩ ምልክቱ ይናገርላቸዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ከረጢቱ ሲደርስ ውሳኔው አልፏል። ምን እንደሆነ በሽቦ ገብቷል፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ወረቀት ገና ባሕር ላይ ነው። ሚኒስትሩ የሚወስነው በአጭሩ ነው።

አንድ ጥንቃቄያቸውን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። እንግሊዞች የዲፕሎማሲ ወረቀቶቻቸውን ለፓርላማ አሳትመው የማቅረብ ልማድ ነበራቸው። በምስጢራዊ ቁጥር የመጣ ቴሌግራም ግን ቃል በቃል አይታተምም። ሐሳቡ ሳይነካ ዓረፍተ ነገሩ ተለዋውጦ እንደገና ይጻፋል። ለምን? ባላጋራ የቁጥሩን ኮፒ በሽቦው ላይ ጠልፎ ከያዘ፣ የታተመውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የኮድ መጽሐፉን መፍታት ይችላላ! ይህን የሚሠራው ጸሐፊ ስሙ የትም የለም። ምስጢሩን ያቆየው ግን እሱ ነው።

ማሳጠር እንደዚሁ ጦርነት ሊያስነሳ ይችላል። ጁላይ 13 ቀን 1870 የፕሩሺያው ንጉሥ ባድ ኤምስ ከምትባል የመዝናኛ ከተማ ሳሉ ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር የተነጋገሩትን በቴሌግራም ለጠቅላይ ሚኒስትራቸው ለቢስማርክ አስላኩ። ቢስማርክ በርሊን ከሁለት የጦር ሹማምንት ጋር እራት ላይ ነበር። ቴሌግራሙን ያዘ፣ ከላይ ከታች ቆረጠ፣ ለጋዜጦች ለቀቀው። አዲስ ነገር አልጨመረበትም። የቀረው ግን ንጉሡ አምባሳደሩን በር ዘግተው ያባረሩት አስመሰለ። ከስድስት ቀን በኋላ ፈረንሳይ ጦርነት አወጀች።

ስለዚህ መዘግየት ሁልጊዜ ጉዳት፣ ፍጥነት ሁልጊዜ ጥቅም ነው የሚለውን አልቀበልም። ኖቬምበር 8 ቀን 1861 የአሜሪካ የጦር መርከብ ትሬንት የምትባለውን የእንግሊዝ የፖስታ መርከብ ባሕር ላይ አስቁሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ይዋጉ የነበሩትን የደቡብ አማጽያን ሁለት መልእክተኞች ወሰደ። የ1858ቱ የአትላንቲክ ኬብል ከጥቂት ሳምንት በላይ ሳይሠራ ሞቷል፤ አዲሱ ገና አልተዘረጋም። ወሬው ለንደን የገባው ኖቬምበር 27 ነው። አገሩ በቁጣ ነደደ። መንግሥት ኃይለኛ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለንግሥቲቱ ላከ። ባለቤታቸው ልዑል አልበርት በጠና ታመዋል። ከአልጋ ተነስተው ረቂቁን አረሙት፤ የመርከቡ አዛዥ ያለ መንግሥቱ ትእዛዝ ያደረገው ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን የሚል መንፈስ አስገቡበት። አሜሪካኖቹ ሳይዋረዱ የሚወጡበት በር ከፈቱላቸው ማለት ነው። አልበርት ዲሴምበር 14 ሞቱ። ደብዳቤው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲደርስ የሁለቱም ወገን ንዴት በርዶ ነበር። ሰዎቹ እንዲለቀቁ ተወሰነ። ያኔ የሚሠራ ኬብል ቢኖር የመጀመሪያው ረቂቅ በዚያው ሌሊት ይሄድ እንደነበር ለእኔ ጥርጥር የለኝም።

በ1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሳ ሲል፣ ኬብሉም ሽቦውም በየአቅጣጫው ነበር። ኦስትሪያ፣ ሰርቢያ ለመጨረሻ ማስጠንቀቂያዋ መልስ እንድትሰጥ የፈቀደችው ጊዜ 48 ሰዓት ብቻ ነው። ጁላይ 28 ጦርነት ያወጀችውም በቴሌግራም ነው። በዚያች ሳምንት ቴሌግራሞቹ እርስ በርስ እየተላለፉ፣ አንዱ ሳይነበብ ሌላው እየተጻፈ፣ ረቂቁን ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ጊዜ አጣ።

አሁን ወደ ሽቦው ባለቤት ልምጣ። ለእኔ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው።

አጼ ምኒልክ በዲሴምበር 1889 ንግሥናቸውን ለማሳወቅ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በቀጥታ ጻፉ። በዚያን ጊዜ ጣሊያን የውጫሌን ውል ይዛ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት በእኔ በኩል ነው ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቃ ነበር። ከለንደንም ከበርሊንም የመጣው መልስ ይኸው ሆነ፤ ጉዳይዎን በሮም በኩል ያድርጉ። ምኒልክ ጣሊያን በስማቸው ምን እንዳደረገች በደንብ የገባቸው በእነዚህ ደብዳቤዎች ነው። የአንድ አገር ደብዳቤ በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ ካለፈ አገሩ በራሱ አፍ መናገር አይችልም። ንጉሡም በዚህ ነገር ላይ አንድ ስንዝር አልተመለሱም። በ1893 ውሉን አፈረሱ። የቀረውን ዓድዋ ጨረሰው።

ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ነጭ አባይ ላይ የሆነውን እዩ። ፈረንሳይ ሻለቃ ማርሻንን ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ አንስታ ወንዙ ዳር ወዳለችው ወደ ፋሾዳ ላከች። በምሥራቅ በኩል ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጦር እንዲገናኘው ታስቦ ነበር። የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ቆላውንና ወባውን ችሎ ጁን 22 ቀን 1898 የሶባት ወንዝ ከነጭ አባይ ጋር ከሚገናኝበት ደረሰ። አብረውት ጥቂት አውሮፓውያን ነበሩ፤ አንዱ የሩሲያ መኮንን ነው። ዳርቻው ላይ ማንም የለም። ማርሻን የት እንዳለ የሚነግራቸው ሽቦም መልእክተኛም የለም። ጦሩ በበሽታ እየተጎዳ ስለነበር ባንዲራ ተክሎ ተመለሰ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ጁላይ 10 ነው። 18 ቀን!

ሴፕቴምበር ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በጦር ጀልባዎች መጣ። ኪችነር ከኋላው እስከ ካይሮ፣ ከካይሮ እስከ ለንደን ሽቦ አለው። ማርሻን ያለው እግር ብቻ ነው። ስለዚህ ፓሪስ የራሷን መኮንን ሁኔታ የሰማችው ከእንግሊዞች አፍ ነው። እነሱ ደግሞ ስንቁም ጥይቱም አልቆበታል፣ ተስፋ የለውም አሉ። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ደልካሴ ከማርሻን ሪፖርት ለማግኘት እንግሊዞቹን፣ እባካችሁ በሽቦአችሁ ንገሩልኝ ብሎ መለመን ነበረበት። ሪፖርቱን ይዞ የመጣው መኮንን በእንግሊዝ መንገድ፣ በአባይ ቁልቁል፣ በካይሮ አድርጎ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ፓሪስ ሲገባ ነገሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። በኖቬምበር መጀመሪያ ፈረንሳይ ለቅቃ ለመውጣት ወሰነች። ማርሻንም በእንግሊዝ መንገድ አልመለስም ብሎ በሶባት ሽቅብ፣ በአዲስ አበባ አድርጎ ጅቡቲ ወጣ።

እንግሊዝ ከዚህ የተማረችውን በደንብ ተጠቀመችበት። በዓለም ካሉት የባሕር ሥር ኬብሎች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበሩ። በ1902 የፓስፊኩ ኬብል ሲያልቅ በራሷ ግዛቶች ብቻ እየረገጠ ዓለምን የሚዞር መሥመር አገኘች። ከዚያ ኦገስት 5 ቀን 1914 መጣ። ጦርነቱ በታወጀ በሰዓታት ውስጥ አለርት የምትባል የኬብል መርከብ ወጥታ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር አምስት የጀርመን ኬብሎችን ቆረጠች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጀርመን ባሕር ማዶ ላሉ አምባሳደሮቿ መልእክት የምትልከው በራዲዮ ወይም በሰው ሽቦ ነው። ራዲዮው ይጠለፋል። የሰው ሽቦ ደግሞ ባለቤት አለው።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1917 የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዚመርማን ዋሽንግተን ላለው አምባሳደሩ ምስጢራዊ ቴሌግራም ላከ። በሜክሲኮ ላለው ባልደረባህ አስተላልፍለት የሚል ነው። አሜሪካ ጦርነት ከገባች ሜክሲኮ ከጀርመን ጋር ትሰለፍ፣ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ትመልስ። መልእክቱ የሄደው በራሷ በአሜሪካ የዲፕሎማሲ መሥመር ነው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ለሰላም ድርድሩ ይጠቅማል ብሎ ፈቅዶላቸው ነበር። መሥመሩ በኮፐንሃገን አልፎ ለንደን ይገባል። ለንደን የባሕር ኃይሉ የኮድ ፈቺዎች ክፍል ቁጭ ብሎ ያነባል።

አሁን እንግሊዞቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ለአሜሪካ ቢያሳዩ፣ የአሜሪካንን ሽቦ እንደሚያነቡ ይታወቃል። ጀርመንም ኮዷ መፈታቱን ትነቃለች። እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ ኮፒ የምትመጣው። መልእክቱ ከዋሽንግተን ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የተላለፈው በተራ የኩባንያ ቴሌግራፍ ነው። ስለዚህ ሜክሲኮ ሲቲ ባለው ቴሌግራፍ ቤት ኮፒው አለ። የእንግሊዝ ሰው ያንን ኮፒ በእጁ አስገባ። በዚያ ላይ ይህ ሁለተኛው ቅጂ በአሮጌ ኮድ የተጻፈ ነበር። ኮፒው ሜክሲኮ ውስጥ የተሰረቀ ተደርጎ ለአሜሪካ ተሰጠ። ማርች 1 ጋዜጦች ላይ ወጣ። ብዙ ሰው ውሸት ነው ሲል ዚመርማን ራሱ ማርች 3 ቀን አዎ፣ የእኔ ነው አለ። ኤፕሪል 6 አሜሪካ ጦርነቱን ገባች።

የመጨረሻው ታሪኬ ሮም ውስጥ ነው፤ የእኛንም አገር ነክቷል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ የእንግሊዝ መንግሥት በሰር ጆን ማፊ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ አንድ ጥያቄ ሰጠው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ብትይዝ የምንጎዳው ምን አለ? በጁን የቀረበው መልስ፣ እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ ለመቃወም የሚያስገድዳት ከባድ ጥቅም በኢትዮጵያ የላትም የሚል ነው። ምስጢራዊ ወረቀት ነው። በይፋ እንግሊዝ ጄኔቫ ላይ ስለ መንግሥታት ማኅበር ሕግ ትናገራለች።

ወረቀቱ ሮም ላለው ኤምባሲ ተላከ። ሮም ኤምባሲ ውስጥ ደግሞ ሰኮንዶ ኮስታንቲኒ የሚባል የረጅም ዘመን ተላላኪ ነበር። ለጣሊያን የስለላ ክፍል ወረቀት የሚያቀብለው እሱ ነው። ስለዚህ ሙሶሊኒ የማፊን ሪፖርት አንብቧል። እንግሊዝ ጄኔቫ ላይ የምትለውንና በቤቷ የምታስበውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 መረብን የተሻገረው። ኮድ ፈቺ አላስፈለገውም፤ አንድ ቁልፍ በቃው። ፌብሩዋሪ 1936 ላይ፣ የአምባ አራዶም ውጊያ በተካሄደበት ወር፣ አንድ የሮም ጋዜጣ ሪፖርቱን አሳተመው። አዲስ አበባ አሁንም በእንግሊዝ ላይ ተስፋ ነበራት።

አምባሳደሩ ሰር ኤሪክ ድራመንድ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበረው ሰው። ከኤምባሲው ውስጥ ከተቆለፈ ሳጥን የባለቤቱ የአልማዝ ሐብል ሲሰረቅ ከለንደን መርማሪ ተላከ። መርማሪው ቁልፎቹ እንዴት እንደሚያዙ አይቶ ደነገጠ፤ ጣቱንም ወደ ኮስታንቲኒ ቀሰረ። አምባሳደሩ ግን እንዲህ ረጅም ዘመን ያገለገለን ሰው አልጠረጥርም አለ። ሜይ 1937 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሲከበር ኮስታንቲኒና ሚስቱ ለታማኝ አገልግሎታቸው ተብሎ በእንግድነት ተጋብዘው ሄዱ።